በጅረት ዳር ለሚሠራ የንግድ ሕንፃ የዝናብ ውሃ ማስወገጃ እንዴት ይታቀዳል? ከጅረቱ ተነስቶ ወደ ጣሪያው የሚሄድ የአሠራር መመሪያ

በጅረት አጠገብ ሱቅ፣ መጋዘን ወይም የገበያ ማዕከል ለመገንባት የተነሱ ባለቤቶችና ሥራውን የተቀበሉ ወጣት መሐንዲሶች ደጋግመው የሚያቀርቡልኝ ጥያቄ «ቱቦው የስንት ዲያሜትር ይሁን?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን መልሱ የሚገኘው ከሥራው መጨረሻ ላይ ነው። ቱቦ ውሃን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ ያደርሳል እንጂ በመድረሻው ላይ ለውሃው ቦታ አይፈጥርለትም። ከባድ ዝናብ በጣለበት ሰዓት ጅረቱ ራሱ ሞልቶ ከሆነ፣ የተቀበረው ቱቦ የቱንም ያህል ቢሰፋ ውሃው ወደ ኋላ ተመልሶ በመኪና ማቆሚያው ማንሆል (ወደ ቱቦው መውረጃ ጉድጓድ) በኩል ይወጣል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በጅረቱ ከፍታ ተጀምረው ወደ ላይ፣ ወደ ማቆያ ኩሬው (የዝናቡን ውሃ ይዞ ቀስ እያለ ወደ ጅረቱ የሚለቅ ኩሬ)፣ ወደ ቱቦውና ወደ ጣሪያው የሚወጡ ናቸው።

ስሌቱ በግልጽ እንዲታይ 2 ሄክታር ስፋት ያለው አንድ ምናባዊ ቦታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በምሳሌነት እጠቀማለሁ። በምሳሌው ውስጥ ያሉት የዝናብ ቁጥሮች ለማሳያ የተወሰዱ ስለሆኑ በእነርሱ ፋንታ የአካባቢዎን የሚቲዎሮሎጂ መረጃ ማስገባት ይኖርብዎታል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- በ0.5 ሜትር ልዩነት የተሠራ የኮንቱር ካርታ (እኩል ከፍታ ያላቸውን ነጥቦች በመስመር የሚያገናኝ)። ካርታው ከይዞታዎ ድንበር አልፎ የጅረቱን ሁለቱንም ዳርቻዎች ማካተት አለበት።
- የጅረቱ አቋራጭ ልኬቶች (ጅረቱን ከዳር እስከ ዳር ቆርጦ ስፋቱንና ጥልቀቱን የሚያሳይ ልኬት)፤ ከቦታዎ በላይ፣ በቦታዎ ትይዩ እና በታች በኩል እስከሚቀጥለው ድልድይ ወይም ካልቨርት (በመንገድ ሥር ውሃ የሚያሳልፍ ግንብ ወይም ቱቦ) ድረስ።
- የዝናብ ጥንካሬን፣ የቆይታ ጊዜንና የመደጋገም ዘመንን የሚያሳይ የአካባቢው ሠንጠረዥ።
- የአፈር ምርመራ ውጤት፣ በዝናብ ወቅት የተለካ የከርሰ ምድር ውሃ ከፍታ እና የአፈሩ ውሃ የመምጠጥ ፍጥነት።
- የሕንፃው የቦታ ፕላን፣ ገና ሊለወጥ በሚችልበት ደረጃ ላይ እያለ። ፕላኑ ከጸደቀ በኋላ የተጠራ የድሬኔጅ (የውሃ ማስወገጃ) መሐንዲስ የሚሠራው ሥራ ጥገና እንጂ ዕቅድ አይደለም።
- ነባር የመሬት ውስጥ መስመሮች (የንጹሕ ውሃ፣ የመጸዳጃ ፍሳሽ፣ የኤሌክትሪክና የስልክ) የሚያልፉበትን ቦታ የሚያሳይ ካርታ።
- የአካባቢው የወንዝ ዳርቻና የግንባታ ደንብ። በዚህ መመሪያ ያሉት መነሻ ቁጥሮች ከደንቡ ጋር ከተጋጩ የሚሠራው ደንቡ ነው።

1. የጅረቱን የጎርፍ ከፍታ ይወስኑ

ይህ ደረጃ ከሁሉም የበለጠ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ስሌት ሁሉ በዚህ ከፍታ ላይ ይቆማልና። ለአካባቢው የተሠራ የጎርፍ ካርታ ካለ ከዚያ ይጀምሩ። ከሌለ ጅረቱ ራሱ የተወውን ምልክት ያንብቡ። በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ጭራሮና ላስቲክ፣ በድልድይ እግር ላይ የቀረ የጭቃ መስመር፣ ሣሩ ወደ አንድ አቅጣጫ የተኛበት ዳርቻ ውሃው የት ድረስ እንደወጣ ይናገራሉ። በአካባቢው ረጅም ጊዜ የኖሩ ሰዎችንም ይጠይቁ፤ ሲጠይቁ ግን «ጎርፉ ትልቅ ነበር?» አይበሉ። «ውሃው የትኛውን ደረጃ፣ የትኛውን ግድግዳ ነካ?» ብለው ቦታውን በጣት እንዲያሳዩዎ ያድርጉና ያን ነጥብ በቀያሽ መሣሪያ ያስለኩ።

ከዚያም የጅረቱን አቋራጭ ልኬቶች በመጠቀም ሦስት ከፍታዎችን ያውጡ፤ በበጋ የሚፈሰው ውሃ ከፍታ፣ ጅረቱ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ገና ያልፈሰሰበት ከፍታ እና በ100 ዓመት አንዴ የሚባለው ጎርፍ ከፍታ። ይህ የመጨረሻው አባባል ብዙዎችን ያሳስታል። ትርጉሙ ጎርፉ አንዴ ከመጣ ለ100 ዓመት አይመለስም ማለት ሳይሆን በየዓመቱ የመከሰት ዕድሉ 1 በመቶ ነው ማለት ነው። ሕንፃው 30 ዓመት ያገለግላል ብንል በዚያ ጊዜ ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመድረስ ዕድሉ 26 በመቶ ይሆናል።

ልኬቱ ከቦታዎ ወደ ታች እንዲዘልቅ የጠየቅሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ዝግ ብሎ በሚሄድ ጅረት ውስጥ የውሃውን ከፍታ የሚወስነው ከበታች ያለው ማነቆ ነው። 200 ሜትር ወደ ታች ያለ ጠባብ ካልቨርት በግንድና በቆሻሻ ግማሹ ቢደፈን በእርስዎ ቦታ ያለው ውሃ ከፍ ይላል። ስለሆነም ስሌቱን አንድ ጊዜ ካልቨርቱ ንጹሕ እንደሆነ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ግማሹ እንደተደፈነ አድርገው ይሥሩት። የሕንፃው ወለል በ100 ዓመት አንዴ ከሚመጣው ጎርፍ ከፍታ ቢያንስ 0.5 ሜትር ከፍ እንዲል ያድርጉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ወለሉን ከፍ ለማድረግ ጎርፉ የሚተኛበትን ረግረግ ወይም ሜዳ በአፈር አይሙሉ። የተሞላው ቦታ ይይዘው የነበረው ውሃ ወደ ጎረቤት ወይም ወደ ማዶው ዳርቻ ይሄዳል። መሙላት ግድ ከሆነ በዚያው ከፍታ ላይ እኩል መጠን ያለው አፈር ከሌላ ቦታ ተቆርጦ መነሣት አለበት።

2. ከላይ የሚመጣውን የሌላ ሰው ውሃ ለይተው ያሳልፉ

በዝናብ ቀን ጃንጥላ ይዘው የቦታውን የላይኛውን ድንበር በእግር ይዙሩ፤ በካርታ ላይ የማይታይ የውሃ መንገድ በዚያን ቀን ይታያል። ከላይ የሚወርደውን ውሃ በድንበሩ ላይ በተቆፈረ መጥለፊያ ቦይ ተቀብለው ከራስዎ ውሃ ሳይቀላቀል ቀድሞ ይወጣበት ወደነበረው ቦታ ያሳልፉት። የሚለይበት ምክንያት የገንዘብ ነው፤ የላይኛው ውሃ ወደ ማቆያ ኩሬዎ ከገባ ኩሬው የማይመለከትዎትን ውሃ ለመያዝ ሲባል በብዙ እጥፍ መስፋት ይኖርበታል። ውሃውን በአጥር ማገድ ግን በፍጹም አይቻልም። የታገደ ውሃ አጥሩን ይጥላል፤ አጥሩ ከጸናም ጎረቤትን ያጥለቀልቃል።

3. የጅረቱን ዳርቻ ይተዉ፣ የኩሬውን ቦታም አስቀድመው ይያዙ

ከጅረቱ ጠርዝ የሚተወውን ርቀት የሚወስነው የአካባቢው ደንብ ነው። ደንቡ ዝም ካለ 15 ሜትርን መነሻ ያድርጉ። ዳርቻው ከፍ ያለና የሚናድ ከሆነ ከዳርቻው ግርጌ ጀምሮ ለ1 ሜትር ቁመት 3 ሜትር አግድም የሚሄድ መስመር ይሳሉና መስመሩ መሬቱን ከሚነካበት ነጥብ በጅረቱ በኩል ምንም አይገንቡ። በዚህ ክፍተት ውስጥ ያሉት ዛፎችና ቁጥቋጦዎች ሥሮቻቸው አፈሩን ስለሚይዙ ለውበት ሲባል አይመንጠሩ።

ማቆያ ኩሬው ከቦታው ዝቅተኛ ክፍል፣ ነገር ግን ከጅረቱ የጎርፍ ክልል ውጭ መሆን አለበት። በጎርፍ ክልል ውስጥ የተቆፈረ ኩሬ ጅረቱ ሲሞላ አብሮ ይሞላል፤ የእርስዎ ዝናብ ሲደርስ ባዶ ቦታ አያገኝም። በፕላን ላይ ያማረ፣ በዝናብ ቀን ግን የማይሠራ ኩሬ ከምን ይመጣል ቢባል አብዛኛው ከዚህ ስሕተት ነው።

4. የሚታቀድበትን ዝናብ ይምረጡ

ለቱቦዎችና ለመቀበያዎች ብዙ ጊዜ በ5 ወይም በ10 ዓመት አንዴ የሚደርስ ዝናብ ይመረጣል። ማቆያ ኩሬው በ10 ወይም በ25 ዓመት ዝናብ ይሠራና በ100 ዓመቱ ይፈተሻል። ይህ ማለት ቱቦው አንዳንድ ዓመት ሞልቶ እንደሚተርፍ ከወዲሁ አውቀን እንቀበላለን ማለት ነው፤ ስለዚህ ትርፉ ውሃ በመሬት ላይ የሚሄድበት መንገድ መታቀድ አለበት። መኪና ማቆሚያውንና የውስጥ መንገዱን ከሕንፃው በር አርቀው ወደ ኩሬው ወይም ወደ ጅረቱ ያዘንብሏቸው። በመኪና ማቆሚያ ላይ የሚተኛው ውሃ ጥልቀት ከ15 ሳንቲ ሜትር እንዳያልፍ ይጠንቀቁ፤ በፍጥነት የሚፈስ 15 ሳንቲ ሜትር ውሃ ጎልማሳ ሰው ሊጥል፣ 30 ሳንቲ ሜትር ደግሞ ትንሽ መኪና ሊያንሳፍፍ ይችላል።

5. ከግንባታው በፊትና በኋላ የሚፈሰውን ውሃ ያስሉ

ለአነስተኛ ቦታ፣ ቢበዛ እስከ 80 ሄክታር ድረስ፣ የሚያገለግለው ቀላል ስሌት የሚከተለው ነው፦

ከፍተኛ ፍሰት (ሜትር ኩብ በሰከንድ) = የፍሰት ድርሻ × የዝናብ ጥንካሬ (ሚሊ ሜትር በሰዓት) × ስፋት (ሄክታር) ÷ 360

360 የመጣው ሚሊ ሜትርን ወደ ሜትር፣ ሰዓትን ወደ ሰከንድ፣ ሄክታርን ወደ ካሬ ሜትር ከመቀየር ነው። የፍሰት ድርሻ የሚባለው ከዘነበው ውስጥ መሬቱ ሳይመጠው የሚሄደው ክፍል ሲሆን፣ ለጣሪያ 0.9፣ ለአስፋልት 0.85፣ በመጠነኛ ተዳፋት ላይ ላለ ሣር ደግሞ 0.25 አካባቢ መውሰድ ይቻላል። የዝናብ ጥንካሬውን ከሠንጠረዡ የሚያነቡት ውሃው ከሩቁ ጫፍ ተነስቶ መውጫው ለመድረስ በሚፈጅበት ጊዜ ልክ ነው። ዝናቡ ከዚህ ጊዜ በፊት ካቆመ ከቦታው ሁሉ የሚመጣው ውሃ በአንድ ጊዜ መውጫው ላይ አይገናኝም፤ ከዚህ በላይ በቆየ ቁጥር ደግሞ አማካይ ጥንካሬው ይቀንሳል።

በምሳሌያችን ቦታው ከግንባታ በፊት ሣር ነበር። ውሃው በሣሩ ላይ ዝግ ብሎ ስለሚሄድ መውጫው ለመድረስ 20 ደቂቃ ይፈጃል፤ የ20 ደቂቃ ዝናብ ጥንካሬ 70 ሚሊ ሜትር በሰዓት ነው እንበል። 0.25 × 70 × 2 ÷ 360 = 0.097፣ ማለትም 97 ሊትር በሰከንድ። ከግንባታ በኋላ 0.8 ሄክታር ጣሪያ፣ 0.9 ሄክታር አስፋልት እና 0.3 ሄክታር ሣር ይሆናል። እያንዳንዱን ስፋት በድርሻው አባዝተን ስንደምር 1.56 ሄክታር እናገኛለን። ውሃው ወደ መቀበያው ለመግባት 7 ደቂቃ፣ በቱቦ ውስጥ ለመጓዝ 3 ደቂቃ፣ በጠቅላላው 10 ደቂቃ ይፈጅበታል። የ10 ደቂቃ ዝናብ ጥንካሬ 110 ከሆነ 1.56 × 110 ÷ 360 = 0.477፣ ማለትም 477 ሊትር በሰከንድ ነው።

ፍሰቱ ወደ አምስት እጥፍ ተጠግቷል። መሬቱ የሚመጠው ውሃ ከመቀነሱም በላይ፣ ውሃው ቶሎ ስለሚደርስ ጠንካራውን የአጭር ጊዜ ዝናብ እንድንወስድ ተገደናል፤ ሁለቱ ምክንያቶች ተባዝተው ነው ቁጥሩ ይህን ያህል የዘለለው።

6. የማቆያ ኩሬውን መጠን ያውጡ

ዓላማው ከግንባታ በኋላ ወደ ጅረቱ የሚለቀቀው ውሃ ቀድሞ ከነበረው 97 ሊትር በሰከንድ እንዳይበልጥ ነው። ልዩነቱ በኩሬ ይያዛል። ስሌቱን በአንድ የዝናብ ቆይታ ብቻ መሥራት ግን አይበቃም፤ የተለያዩ ቆይታዎችን ሞክረው ትልቁን መጠን የሚሰጠውን ይወስዳሉ። የገባው በደረጃ 5 ቀመር የተገኘው ፍሰት፣ የወጣው ደግሞ 97 ሊትሩ፣ እያንዳንዳቸው በቆይታው ሰከንዶች ተባዝተው ነው፦

- 10 ደቂቃ (110 ሚሊ ሜትር በሰዓት)፦ የገባው 286፣ የወጣው 58፣ የሚያዘው 228 ሜትር ኩብ።
- 30 ደቂቃ (62 ሚሊ ሜትር በሰዓት)፦ የገባው 484፣ የወጣው 175፣ የሚያዘው 309 ሜትር ኩብ።
- 45 ደቂቃ (49 ሚሊ ሜትር በሰዓት)፦ የገባው 573፣ የወጣው 262፣ የሚያዘው 311 ሜትር ኩብ።
- 60 ደቂቃ (40 ሚሊ ሜትር በሰዓት)፦ የገባው 624፣ የወጣው 349፣ የሚያዘው 275 ሜትር ኩብ።

ቱቦውን የሚወስነው የ10 ደቂቃ ዝናብ ኩሬውን እንደማይወስነው ልብ ይበሉ። ከዚህ በተጨማሪ ስሌቱ መውጫው ከመጀመሪያዋ ደቂቃ አንስቶ 97 ሊትር እንደሚለቅ ይቆጥራል፤ እውነቱ ግን ኩሬው ገና ሳይሞላ የሚወጣው ውሃ ከዚያ ያነሰ መሆኑ ነው። ስለዚህ 20 በመቶ ጨምረን 373 ሜትር ኩብ እንይዛለን። ትልቅ ሥራ ከሆነ የኩሬውን መሙላትና መጉደል በየደቂቃው በሚከታተል ሙሉ ስሌት ይፈትሹት።

የኩሬው ግድግዳ ተዳፋት ለ1 ሜትር ቁመት ከ3 እስከ 4 ሜትር አግድም ይሁን። ከዚህ የቆመ ዳርቻ ይናዳል፤ ከሁሉ በላይ ግን በውስጡ የወደቀ ልጅ ሊወጣበት አይችልም።

አፈሩ ውሃ በደንብ የሚመጥ ከሆነ ከፊሉን ውሃ ወደ መሬት ማስረግ ይቻላል። ጉድጓድ ይቆፍሩና አንድ ጊዜ ውሃ ሞልተው እስኪረካ ይጠብቁ፤ ከዚያ እንደገና ሞልተው በሰዓት ስንት እንደወረደ ይለኩ። የመጀመሪያው ሙሌት ደረቅ አፈር ስለሚያገኝ ሁልጊዜ የሚያታልል ፍጥነት ያሳያል። በሰዓት ከ13 ሚሊ ሜትር በታች የሚወርድ ከሆነ ሐሳቡን ይተዉት። የከርሰ ምድር ውሃው በዝናብ ወቅት ከማስረጊያው ወለል በታች ቢያንስ 1 ሜትር መራቅ አለበት፤ በጅረት አጠገብ ብዙ ጊዜ አይርቅም። መረሬ አፈር ሲረጥብ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ስለሆነ በሕንፃው መሠረት አጠገብ ውሃ ማስረግ ጨርሶ አይገባም።

7. መቆጣጠሪያ ቀዳዳውንና ማስተንፈሻውን ይለኩ

ከኩሬው የሚወጣውን ውሃ የሚገድበው በመውጫው ግንብ ላይ ያለ ቀዳዳ ነው። በቀዳዳው የሚያልፈው ፍሰት 0.6 በቀዳዳው ስፋት ተባዝቶ፣ ያም በውሃው ፍጥነት ተባዝቶ ይገኛል፤ ፍጥነቱ ደግሞ የ2 × 9.81 × የውሃው ከፍታ ስኩዌር ሩት ነው። ከቀዳዳው መሐል እስከ ኩሬው ሙሉ ከፍታ 1.2 ሜትር ከሆነ ፍጥነቱ 4.85 ሜትር በሰከንድ፣ የሚያስፈልገው ቀዳዳ ደግሞ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ዲያሜትር ያለው ይሆናል።

በዚህ ላይ ነው በደረጃ 1 የደከሙበት ሥራ ዋጋ የሚያገኘው። ከላይ ያለው ስሌት የሚሠራው ቀዳዳው ወደ አየር ሲያፈስ ነው። ጅረቱ ሞልቶ የመውጫውን አፍ ከሸፈነው ውሃውን የሚገፋው ከፍታ በኩሬውና በጅረቱ መካከል ያለው ልዩነት ብቻ ይሆናል። ያ ልዩነት ከ1.2 ወደ 0.4 ሜትር ዝቅ ቢል በቀዳዳው የሚወጣው ከ97 ወደ 56 ሊትር በሰከንድ ይወርዳል። የደረጃ 6ን ስሌት በ56 ሊትር ቢደግሙት በ45ም ሆነ በ60 ደቂቃ ዝናብ የሚያዘው 422 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ 20 በመቶው ሲጨመር 507። ጅረቱን ሳያይ የታቀደ ኩሬ 373፣ ጅረቱን አይቶ የታቀደው 507 ሜትር ኩብ ነው ማለት ነው። ትናንሽ ጅረቶች ከቦታዎ ጋር በአንድ ዝናብ ስለሚሞሉ ሁለተኛውን እንዲወስዱ እመክራለሁ።

ማስተንፈሻው ቀዳዳው ሙሉ በሙሉ ተደፍኖ የ100 ዓመቱ ዝናብ ቢመጣ ውሃው የኩሬውን ግድብ ሳይንድ የሚያልፍበት ሰፊ አፍ ነው። ፍሰቱ 1.7 × የአፉ ርዝመት × የውሃው ከፍታ በ1.5 ደረጃ ከፍ ብሎ ይሰላል። በምሳሌያችን የ100 ዓመቱ ፍሰት 0.75 ሜትር ኩብ በሰከንድ ነው ብንል፣ በ0.2 ሜትር የውሃ ከፍታ፣ 5 ሜትር ገደማ ርዝመት ያስፈልጋል። በላዩም 0.3 ሜትር ባዶ ቁመት ይተዉ። ማስተንፈሻው በድንጋይ ወይም በኮንክሪት መልበስ አለበት፤ በአፈር ግድብ ላይ የሚሻገር ውሃ ግድቡን በጥቂት ጊዜ ውስጥ ቆርጦ ይሄዳል።

8. አሁን ቱቦውን ይምረጡ

የኮንክሪት ቱቦን የመሸከም አቅም በማኒንግ ቀመር (ከቱቦው ስፋት፣ ተዳፋትና ሻካራነት ፍሰቱን የሚያወጣ ቀመር) ያስሉ፤ የሻካራነት ቁጥሩ 0.013 ነው። ዲያሜትሩ 600 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦ በ1 በመቶ ተዳፋት ሞልቶ ሲፈስ 0.61 ሜትር ኩብ በሰከንድ ያሳልፋል፤ ለምሳሌያችን 0.477 ይበቃል። ያው ቱቦ በ0.5 በመቶ ተዳፋት ቢቀበር ግን 0.43 ብቻ ስለሚያሳልፍ አይበቃም። ዲያሜትር ብቻውን መልስ የማይሆነው ለዚህ ነው።

የውሃው ፍጥነት ከ0.75 ሜትር በሰከንድ ካነሰ ደለል በቱቦው ውስጥ ይተኛል፤ ከ3 ሜትር በሰከንድ ብዙ ካለፈ ቱቦውንና መገጣጠሚያውን ይበላል። ከ300 ሚሊ ሜትር የጠበበ ዋና መስመር አይቅበሩ፤ ስሌቱ ቢፈቅድ እንኳ ጠርገው ማጽዳት ይቸግርዎታል። አቅጣጫ፣ ተዳፋት ወይም ዲያሜትር በሚለወጥበት ሁሉ ማንሆል ያስፈልጋል። ትንሽ ቱቦ ከትልቅ ጋር ሲገናኝ የሁለቱ ጣሪያ እኩል ይሁን እንጂ ወለላቸው አይሁን፤ ወለላቸው እኩል ከሆነ ትልቁ ሲሞላ ውሃው በትንሹ ውስጥ ወደ ኋላ ይተኛል።

በመጨረሻ የውሃውን ከፍታ ከኩሬው ሙሉ ከፍታ ተነስተው በየማንሆሉ እያሰሉ ወደ ላይ ይውጡ። በየትኛውም ማንሆል የተገኘው ከፍታ ከክዳኑ በታች ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ካልሆነ ቱቦውን ያስፉ፣ ወይም መሬቱን ከፍ ያድርጉ።

9. ወደ ጅረቱ የሚወጣበትን አፍ ያዘጋጁ

ቱቦው ጅረቱን የሚገናኘው የጅረቱን አካሄድ ተከትሎ፣ በ45 ዲግሪ ወይም ከዚያ ባነሰ ማዕዘን ይሁን። ቀጥ ብሎ ከገባ ማዶ ያለውን ዳርቻ ይቦረቡረዋል። የቱቦውን ጫፍ የኮንክሪት ግንብ ይያዘው፤ የግንቡ መሠረትም ውሃው ሥሩን እንዳይቆፍር ጠለቅ ይበል። ከአፉ ፊት ቢያንስ የዲያሜትሩን 6 እጥፍ ርዝመት ያህል ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር መጠን ያለው ድንጋይ ይንጠፍ፤ ከድንጋዩ ሥር ጂኦቴክስታይል (ውሃ እያሳለፈ አፈር የሚይዝ ጨርቅ) ይነጠፋል። ይህ ጨርቅ ከቀረ ውሃው በድንጋዮቹ መካከል አፈሩን እየመጠጠ ያወጣና ንጣፉ ይሰምጣል። የጅረቱ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይገባ በአፉ ላይ ወደ ውጭ ብቻ የሚከፈት ክዳን ይግጠሙ። ክዳኑ የጅረቱን ውሃ ይከለክላል እንጂ ጅረቱ በሞላ ጊዜ የእርስዎን ውሃ ገፍቶ አያስወጣም፤ የደረጃ 7ን ስሌት አይተካም።

10. የሚወጣውን ውሃ ያጣሩ

ከመኪና ማቆሚያ ዘይት፣ ነዳጅ፣ የጎማ ብናኝና አሸዋ ይታጠባል፤ አብዛኛው የሚወርደውም በዝናቡ መጀመሪያ ላይ ነው። ቦታ ካለ ውሃውን ወደ ቱቦ ከማስገባት ይልቅ ሣር በለበሰ ሰፊ ቦይ ያሳልፉት። በኩሬው መግቢያ ላይ ከኩሬው መጠን 10 በመቶ ያህል የሆነ የደለል መያዣ ይለዩ፤ ደለሉ በአንድ ቦታ ስለሚሰበሰብ ጠራጊው ኩሬውን በሙሉ መቆፈር የለበትም። ዕቃ የሚራገፍበትና ቆሻሻ የሚጠራቀምበት ቦታ ጣሪያ ይኑረው፤ የመታጠቢያ ውሃውም ወደ መጸዳጃ ፍሳሽ መስመር ይሂድ።

ማስጠንቀቂያ፦ የመጸዳጃ ቤትና የምግብ ቤት ፍሳሽን ከዝናብ ውሃ መስመር ጋር በምንም ምክንያት አያገናኙ።

11. የግንባታውን ቅደም ተከተል ያውጡ

በመጀመሪያ የሚቆፈረው ኩሬው ነው፤ በግንባታው ወቅት የደለል ማስቀሪያ ሆኖ ያገለግላል። ሣሩ ተገፍፎ አፈሩ በተራቆተበት ወቅት የሚጣል ዝናብ ጅረቱን በአንድ ቀን ሊያደፈርሰው ስለሚችል፣ ቁፋሮውን ከተቻለ ከዝናቡ ወቅት በፊት ይጨርሱ። በጅረቱ በኩል የደለል መከላከያ አጥር ያቁሙ፤ መኪና በሚወጣበት በር ላይ ጠጠር ያንጥፉ። ለማስረጊያ በተያዘ መሬት ላይ ከባድ መኪና እንዳይሄድበትና አሸዋ እንዳይከመርበት ቀድመው ይከልሉት፤ አንዴ የተጠቀጠቀ አፈር ውሃ መምጠጡን ያቆማል። ሥራው ሲያልቅ ኩሬው ተጠርጎ በፕላኑ ልክ እንደገና ይስተካከል።

በብዛት የሚታዩ ስሕተቶች

የመጀመሪያው የሌላ አካባቢ የዝናብ ሠንጠረዥ መጠቀም ነው፤ ተራራ በለየው ቦታ 20 ኪሎ ሜትር እንኳ ብዙ ይለውጣል። ሁለተኛው ወደፊት የሚታከለውን ግንባታ አለመቁጠር ነው፤ ዛሬ ሣር የሆነው ጥግ ከጥቂት ዓመት በኋላ መኪና ማቆሚያ ይሆናል፤ ሲሆንም ኩሬውን የሚያስታውሰው አይኖርም። የመቆጣጠሪያ ቀዳዳን «ቶሎ ይደፈናል» በሚል ሰበብ ማስፋት ሌላው ነው። መፍትሔው በፊቱ ዘንበል ያለና ስፋቱ ከቀዳዳው ብዙ እጥፍ የሆነ የቆሻሻ መያዣ ፍርግርግ ማቆም ነው፤ የሰፋ ቀዳዳ ኩሬውን ባዶ አድርጎ ጅረቱን ያጥለቀልቃል።

ካልተጠየቅሁ በስተቀር እምብዛም የማይነሳ አንድ ስሕተት ደግሞ አለ። ቦታዎ ከትልቅ ተፋሰስ ግርጌ ከሆነ የእርስዎ ውሃ ቀድሞ ሄዶ ሊያልቅ፣ የጅረቱ ዋና ጎርፍ ግን ከሰዓታት በኋላ ሊደርስ ይችላል። እንዲህ ባለ ቦታ ኩሬ ሠርተው ውሃውን ማዘግየት ከዋናው ጎርፍ ጋር ማጋጠም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የጅረቱ ጎርፍ በስንት ሰዓት እንደሚደርስ አስልተው ለፈቃድ ሰጪው አካል ያቅርቡ፤ ኩሬው ይቀነስ የሚባለው ግን በስሌት ተረጋግጦ እንጂ በግምት አይደለም።

12. ከርክክብ በኋላ

የተሠራውን እንደገና ያስለኩ፤ የኩሬው መጠን፣ የቀዳዳው ዲያሜትርና የቱቦዎቹ ወለል ከፍታ ከፕላኑ ጋር ይመሳከሩ። በ1 በመቶ ሊቀበር የታቀደ ቱቦ በ0.5 በመቶ ተቀብሮ ቢገኝ ምን እንደሚጎድል በደረጃ 8 አይተናል። መቀበያዎችና ፍርግርጉ ከዝናብ ወቅት በፊት አንድ ጊዜ፣ በወቅቱ ደግሞ ከእያንዳንዱ ከባድ ዝናብ በኋላ ይጸዱ፤ ይህን የሚሠራው ሰው ማን እንደሆነ በኪራይ ወይም በአስተዳደር ውል ውስጥ በጽሑፍ ይቀመጥ። ከመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በኋላ ውሃው በመውጫው ግንብ ላይ የደረሰበትን መስመር ከቀኑ ጋር በቀለም ይጻፉበት፤ ከስሌቱ ጋር የሚያመሳክሩት የመጀመሪያው ልኬትዎ እርሱ ነው።